የዕፅዋት እንክብልና ጉበት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት «ጉበቴን ይጎዳው ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ከሱቅ የገዛውን ወይም ዘመድ ከውጭ በሻንጣ የላከለትን የዕፅዋት እንክብል ግን ምንም ሳይጠይቅ ይውጣል። በአሜሪካ በመድኃኒት ሳቢያ የሚደርስ የጉበት ጉዳትን የሚከታተሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2013 ከመዘገቧቸው ሕሙማን መካከል፣ በዕፅዋትና በምግብ ማሟያ ምርቶች የተጎዱት ድርሻ ከ7 ወደ 20 በመቶ አድጓል።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም።»

ጉበት የሚገባለትን ሁሉ ሲያጣራ ከቅጠል የመጣውን ከፋብሪካ ከመጣው አይለይም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ የሰዎችን ሆድ እየነፋ ለሞት ያደረሰው የጉበት በሽታ በምርመራ የተያያዘው በአካባቢው ከሚበቅል መርዛማ አረም ጋር ነው።

«እርድ እኮ በየአልጫው የምንበላው ነው።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በድስት ሙሉ አልጫ ውስጥ የሚገባው እርድ ጥቂት ከመሆኑም በላይ፣ በውስጡ ካለው ንጥረ ነገር ወደ ደም የሚዘልቀው እጅግ አነስተኛ ነው። እንክብሉ ግን ተጨምቆ የተጠናከረ ነው፤ ብዙ አምራቾችም ወደ ደም የሚገባው መጠን እንዲጨምር ሆን ብለው የቁንዶ በርበሬ ጭማቂ ያክሉበታል። በአሜሪካ በእርድ ሳቢያ ጉበታቸው ተጎድቶ ከተጠኑ 10 ሕሙማን 7ቱ ከወላጅ የሚወረስ አንድ ዓይነት የዘረ-መል ምልክት ተገኝቶባቸዋል፤ ይህም እንክብሉ አንዱን ጎድቶ ሌላውን ሊተው እንደሚችል ይጠቁማል። ስለዚህ ጎረቤትዎ ለዓመታት ወስዶ ደህና መሆኑ ለእርስዎ ዋስትና አይሆንም። አረንጓዴ ሻይም እንዲሁ ነው፦ ቀድቶ መጠጣት አንድ ነገር ሲሆን፣ ጭማቂውን በእንክብል መዋጥ ሌላ ነው፤ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣንም በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከሻዩ ዋና ንጥረ ነገር በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል መውሰድ ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል አሳስቧል።

«አደገኛ ቢሆን መንግሥት አይፈቅደውም ነበር።»

በአሜሪካ በ1994 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያ አምራች ምርቱን ከመሸጡ በፊት ደህንነቱን ለመንግሥት ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። ብልቃጡን አዙሮ ያየ ሰው፣ በፊት ለፊቱ በደማቁ የተጻፈው የጤና ተስፋ በመንግሥት እንዳልተገመገመ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር በትንንሽ ፊደላት ታትሞ ያገኛል። ጡንቻ ያሳድጋሉ ተብለው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥም በመለያው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ (የወንድ ሆርሞንን የሚመስል ጡንቻ አሳዳጊ መድኃኒት) የተገኘባቸው ጊዜያት አሉ፤ ይህም ወጣት ወንዶችን ለሳምንታት በማሳከክና በቢጫነት ሲያሠቃይ ታይቷል።

«ዓይን ቢጫ ከሆነ የወፍ በሽታ ነው፤ መፍትሔውም ባህላዊ መድኃኒት ነው።»

ቢጫነት በራሱ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው፤ መንሥኤው ቫይረስ፣ የሐሞት መተላለፊያን የዘጋ ጠጠር ወይም ሰውየው እየወሰደው ያለው እንክብል ራሱ ሊሆን ይችላል። ጉበቱ በተጎዳ ሰው ላይ ሌላ ምንነቱ የማይታወቅ ቅጠል መጨመር ጉዳቱን ሊያከፋ ይችላል፤ ውድ ጊዜንም ያባክናል። ከቢጫነቱ በፊት ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የሰውነት ማሳከክ ወይም የሽንት መጥቆር ሊታይ ስለሚችል፣ እነዚህ ሲመጡ እንክብሉን ወዲያው አቁሞ የጉበት ምርመራ ማድረግ ይገባል። ሰውየው መቀባዠር ወይም መድማት ከጀመረ ግን ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሊደርስ ይገባዋል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ባዶም ቢሆን ብልቃጡን ይዘው ይሂዱ፤ መውሰድ የጀመሩበትን ጊዜና በቀን ስንት ይወስዱ እንደነበርም ሳያፍሩ ይንገሩት።