ፍላፕ አነሳስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በካንሰር ምክንያት መንጋጋው ለተቆረጠ ወይም በአደጋ የእግሩ አጥንት ለተገለጠ ሰው፣ ሐኪሞች ከራሱ ገላ ሌላ ቦታ ሥጋ ከነደም ቧንቧው አንስተው ይተክሉለታል። ይህ ሥጋ ፍላፕ ይባላል። ስለ አነሳሱ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች ታካሚን ያለአግባብ ያስፈራሉ።

«ፍላፕ ያው ከጭን ተልጦ የሚለጠፍ ቆዳ ነው»

አይደለም። ተልጦ የሚለጠፍ ቆዳ የራሱ የደም መስመር ስለሌለው ካረፈበት ቦታ ደም እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ባዶ አጥንት ላይ አይዝም። ፍላፕ ግን ደም ወሳጁንና ደም መላሹን ይዞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው እነዚህ ቧንቧዎች በማይክሮስኮፕ ሥር ከአዲሱ ቦታ ቧንቧዎች ጋር ከፀጉር በቀጠነ ክር ይሰፋሉ።

«ትክክለኛው አነሳስ አንድ ነው፤ ሁለት ሐኪሞች ከተለያዩ አንዱ ተሳስቷል»

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከጭን ውጨኛ ጎን የሚነሳውን ፍላፕ እንውሰድ። ወደ ቆዳው የሚወጡት ቀጫጭን የደም ሥሮች አንዳንዱ ሰው ላይ በሁለት ጡንቻዎች መካከል ያልፋሉ፤ አብዛኛው ሰው ላይ ግን ጡንቻውን ሰንጥቀው ነው የሚወጡት። ሐኪሙ የደም ፍሰትን በሚያሰማው መሣሪያ፣ በዶፕለር፣ ድምፃቸውን አዳምጦ ቆዳው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ መንገዳቸውን በእርግጥ የሚያውቀው ግን ሲከፍት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ ጎን ብቻ ይቆርጣል። ሥሩን በዓይኑ ሳያይ ሌላውን ጎን አይነካም፤ ካሰበው ቦታ ፈቀቅ ብሎ ካገኘው የፍላፑን ንድፍ አብሮ ያዛውራል። ጡንቻ ውስጥ የገባውን ሥር ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እያሰረ፣ እንዳይሳብበት እየተጠነቀቀ፣ እስከ ዋናው ቧንቧ ይከተለዋል። አንዱ ሐኪም ከጡንቻው ሽፋን በታች ይሄዳል፤ ሥሩን ማግኘት ይቀለዋል። ሌላው ከሽፋኑ በላይ ይሄዳል፤ ፍላፑ ይሳሳለታል፣ ሽፋኑም እዚያው ጭን ላይ ይቀራል። ምላስን ለመተካት ስሱ ሊመረጥ ይችላል፣ ጥልቅ ጉድጓድ ለመሙላት ወፍራሙ።

«የተቆረጠ ጡትን ለመተካት ከሆድ ሲወሰድ የሆድ ጡንቻ አብሮ መሄዱ ግድ ነው»

በ1982 በአሜሪካዊው ሐኪም ሃርትራምፍ የተዋወቀው ዘዴ ጡንቻውን ይዞ ነበር። በ1989 ግን ጃፓናውያኑ ኮሺማ እና ሶኤዳ ጡንቻውን ትቶ የሆድን ቆዳና ስብ ማንሳት እንደሚቻል አሳዩ። ይሁንና ሥሮቹ በጣም ቀጥነው ሲገኙ ጥቂት ጡንቻ አብሮ የሚወስድ ሐኪም ኋላ ቀር አይደለም። ፍላፑን ከማጣት ያ እጅግ ይሻላል።

«ከክንድ ከተወሰደ እጅ ደም ያጣል»

እጅን የሚመግቡ ሁለት ዋና ደም ወሳጆች አሉ፤ ፍላፑ ይዞ የሚሄደው በአውራ ጣት በኩል ያለውን ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታካሚው እጁን ይጨብጣል፣ ሐኪሙ ሁለቱንም አንጓው ላይ ይጫናል። እጁ ሲዘረጋ ነጥቷል። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ብቻ ሲለቀቅ መዳፉ በሰከንዶች ውስጥ ካልቀላ፣ ከዚያ ክንድ አይወሰድም።

«ስፌቱ ካለቀ አደጋው አልፏል»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍላፑ በየሰዓቱ ይታያል። ወደ ሰማያዊ መጥቆርና ማበጥ ደም መላሹ መዘጋቱን፣ መንጣትና መቀዝቀዝ ደም ወሳጁ መዘጋቱን ያመለክታል። ቶሎ ተከፍቶ ከታየ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ስለዚህ ለውጡን ያየ ታካሚ ወይም አስታማሚ ቀጣዩን ዙር ሳይጠብቅ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ነርስ ይጥራ።