አዳፕቴሽን ምንድን ነው? ፋራሚርንስ ምን ነካው?

ፊልሙ ሊጀምር ሲል «ከእገሌ መጽሐፍ የተወሰደ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። «የተወሰደ» የምትለው ቃል ጉዷን ደብቃ ነው የምታልፈው። ምኑ ተወሰደ? ምኑ ቀረ? ከየት የመጣ ነገርስ ተጨመረበት?

ሥራው አዳፕቴሽን ይባላል። በአንድ መልክ የተሠራን ታሪክ በሌላ መልክ እንደገና መሥራት ማለት ነው። እኛ ዘንድ «ውርስ ትርጉም» የሚል ስም አለ። ከውጭ የመጣን ታሪክ ቃል በቃል ሳይሆን እየቀያየሩ ወደ አማርኛ ሲመልሱት ነው እንዲህ የሚባለው። ስሙ ለፊልምም የሚሆን ይመስለኛል። ወራሽ የአባቱን ቤት እንደነበረ አይኖርበትም። አንዱን ግድግዳ ያፈርሳል፣ መስኮት ያወጣል፣ ያልወደደውን ቁም ሳጥን ይሸጣል። ዘመድ መጥቶ «ምነው ቤቱን አበላሸኸው!» ማለቱም አይቀርም።

የፋንታሲ ልብወለድ ደግሞ ዘመዱ ብዙ ነው። ለምሳሌ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» እንውሰድ፤ ፍሮዶ የሚባል ሰው፣ የያዘውን ሁሉ የሚያበላሽ ክፉ ቀለበት ሊያጠፋ ከጓደኛው ከሳም ጋር የሚጓዝበት ታሪክ ነው። መጽሐፉ በ1954 እና 1955 በሦስት ቅጽ ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን በ2001፣ በ2002 እና በ2003 ሦስት ፊልም አደረገው። የመጨረሻው 11 ኦስካር ወሰደ። ከ11ዱ አንዱ የተሰጠው ለዚሁ ለአዳፕቴሽኑ ነው።

ብዙ ሰው አዳፕቴሽን ማሳጠር ብቻ ይመስለዋል። ማሳጠሩማ ቀላሉ ነው። ቶም ቦምባዲል የሚባለው ዘፋኝ የጫካ ሽማግሌ ከፊልሙ ጭራሽ ጠፍቷል። በመጽሐፉ ፍሮዶ ቀለበቱን ከወረሰ በኋላ 17 ዓመት ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ጉዞ የሚጀምረው በ50 ዓመቱ ነው። ተዋናዩ ቀረጻው ሲጀመር ገና 18 ዓመቱ ነበር። የቆሰለውን ፍሮዶን የሚያስመልጠው ግሎርፊንደል የሚባል ጀግና ፈረስ ነበር፤ ፊልሙ ላይ ፈረሱም ግልቢያውም አርዌን ለምትባል ሴት ተሰጠ። የአርዌን የፍቅር ታሪክ በመጽሐፉ በአብዛኛው መጨረሻ ላይ ካለው አባሪ ውስጥ ስለተቀበረ፣ እሷን አውጥተው ማሳየታቸው በእኔ በኩል ችግር የለውም።

ነገር የሚመጣው የሰው ጠባይ ሲነካ ነው።

ፋራሚርን ያዙልኝ። የጎንዶር ሹም ልጅ ነው። (ጎንዶር ነው ያልኩት፣ ጎንደር አይደለም፤ ፈገግ ማለታችሁ ግን አይቀርም።) ወንድሙ ቦሮሚር በቀለበቱ ተፈትኖ ወድቋል። በመጽሐፉ ፋራሚር ፍሮዶንና ሳምን ይይዛቸዋል፣ ረጋ ብሎ ይጠይቃቸዋል። ይህን ነገር መንገድ ላይ ወድቆ ባገኘው እንኳ አላነሳውም ይላል። ቀለበቱ እጃቸው ላይ እንዳለ ሲያውቅም ቃሉን አያጥፍም። ስንቅና ምርኩዝ ሰጥቶ ያሰናብታቸዋል። ቶልኪን በአንድ ደብዳቤው፣ ከገጸ ባሕርያቱ እሱን የሚመስል ካለ ፋራሚር ነው ብሏል፤ ድፍረቱ ግን የለኝም ሲል አክሏል።

ፊልሙ ላይ ያው ሰውዬ ቀለበቱን ለአባቱ ሊያስረክብ ሁለቱን እየነዳ ኦስጊሊያት የምትባል ከተማ ድረስ ይወስዳቸዋል። የሚለቃቸው በመጨረሻ ነው። አንባቢው «ይሄማ ፋራሚር አይደለም» ብሎ ጮኸ።

ጸሐፊዎቹ ግን ምክንያት ነበራቸው። ፊልሙ ቀለበቱ ማንንም እንደሚያጠፋ ሲነግረን ሰዓታት ፈጅቷል። ኃያሉ አስማተኛ ጋንዳልፍ እንኳ ሊነካው ይፈራል። በመሀል አንድ ሰው ብቅ ብሎ «አልፈልግም» ካለ፣ ተመልካቹ ቀለበቱን መፍራት ይተዋል። ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። የመጽሐፉ ሁለተኛ ቅጽ የሚያበቃው ሼሎብ በምትባለው ግዙፍ ሸረሪት ነው። ጃክሰን እሷን ወደ ሦስተኛው ፊልም ገፋት። ስለዚህ የሄልምስ ዲፕ ጦርነት በአንድ ወገን ሲፋፋም፣ በፍሮዶ ወገን የሚያስጨንቅ ነገር አልቀረም። ባዶውን የሞላው ፋራሚር ነው።

አንዴ ይህን ካያችሁ በኋላ ሌላውም ይታያችኋል። የንጉሥ ዘር የሆነው አራጎርን በመጽሐፉ የተሰበረውን የአባቶቹን ሰይፍ ይዞ ይዞራል፤ ንጉሥነቱን አያፍርበትም፣ ሰይፉም ጉዞው ሳይጀመር ይጠገናል። ፊልሙ ላይ ዘውዱን ይሸሻል፣ የተጠገነው ሰይፍ እጁ የሚገባውም በሦስተኛው ፊልም ነው። የዛፍ እረኞቹ ኤንቶች በመጽሐፉ ለቀናት ተማክረው ወደ ጦርነት ይወጣሉ። ፊልሙ ላይ ግን እንቢ ብለው ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ትሪቤርድ፣ የተጨፈጨፈውን ጫካ በዓይኑ እስኪያይ ድረስ አልተነሳም። ሦስቱም ላይ የተሠራው ሥራ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ቆርጦ የነበረውን ሰው ማመንታት አስተማሩት።

ለምን? መጽሐፍ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ «ይህ ሰው ጽኑ ነው» ሊለን ይችላል። ካሜራ ልብ ውስጥ አይገባም። የማይናወጥ ሰው በካሜራ ሲታይ ዝም ያለ ግድግዳ ነው። ሲወላውል፣ ሲወድቅና ሲመለስ ግን ይታያል። ስለዚህ ፊልም ጽናትን ወደ ለውጥ ይመነዝራል። ምንዛሪው ላይ የሚጎድል ነገር አለ። ፊልሙ ውስጥ፣ ፈተናው ሳይመጣ በፊት የተዘጋጀ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ቶልኪን ራሱ በ1958 የቀረበለትን የፊልም ጽሑፍ አንብቦ ረጅም ወቀሳ ጽፎ ነበር። የሚገርመው፣ መቀነስን አልተቃወመም። ኤንቶቹንና የሄልምስ ዲፕን ጦርነት አብሮ በወጉ ማሳየት ካልተቻለ ጦርነቱ ይቅር ብሏል። ጃክሰን ሁለተኛውን ፊልም የገነባው በዚያው ጦርነት ላይ ነው! የቶልኪን ልጅ ክሪስቶፈርም በ2012 ለፈረንሳዩ ሌ ሞንድ ጋዜጣ፣ መጽሐፉን የወጣቶች አክሽን አደረጉት ብሎ አማሯል።

እኔ ፋራሚርን ይቅር ብያለሁ፤ ቢያንስ ምክንያቱ ይገባኛል። ይቅር ያላልኩት ሳም ደረጃው ላይ የሚባረርበትን ትዕይንት ነው። በሦስተኛው ፊልም ፍሮዶ መንገድ መሪያቸው ጎለም በሸረበው የእንጀራ ፍርፋሪ ተንኮል ተታሎ ሳምን ወደ ቤትህ ሂድ ይለዋል። መጽሐፉ ውስጥ ይህ የለም። የታሪኩ ምሰሶ የሁለቱ አለመለያየት ነው። ለአሥር ደቂቃ ልብ ማንጠልጠያ ምሰሶ ይነቀላል?

የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ የሰማ ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ ጉዱ ካሣ በወጋየሁ ድምፅ ነው የሚያወራው። ፊልምም እንዲሁ ያደርጋል። በቀደም የፋራሚርን ምዕራፍ እንደገና ከፍቼ ነበር። ፊቱ የተዋናዩ ፊት ሆኖ መጣብኝ። ግን ስንቁን ሰጥቶ አሰናበታቸው።