«ቴስታታ ይውረድ» ከመባሉ በፊት፦ ስለሚሞቅ ሞተር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

መገናኛ አካባቢ መንገድ ተዘጋግቶ ቆሜ ሳለ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ውስጥ ገባ። ውሃው ከመጠባበቂያው ፕላስቲክ እየገነፈለ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ኮፈኑን ስከፍት ሦስት ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ውሃ ጨምርበት» አለኝ፣ ሌላው «ቴርሞስታቱን አስነቅለው» አለኝ፣ ሦስተኛው ራሱን እየነቀነቀ «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሄዷል» አለኝ። ጋራዥ ስደርስም «ቴስታታ ይውረድ» ተባለ። በኋላ ሲታይ ጥፋቱ የራዲያተሩ፣ ማለትም የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ክዳን ነበር። ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል፤ በቃ።

«ክዳን ምን አለው? እስከገጠመ ድረስ ይሠራል»

እኔን ያስለፋኝ ይኼ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። የራዲያተር ክዳን ውስጡ ስፕሪንግ ያለው ቫልቭ ነው። አናቱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ግፊት ያለበት ውሃ ቶሎ አይፈላም።

ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። (ባቄላ እዚህ ለመብሰል የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው።) የብዙ መኪኖች ፋን ደግሞ የሚነሳው 95 አካባቢ ሲደርስ ነው። አስቡት እንግዲህ፦ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ፋኑ ገና ሳይነሳ ውሃው ይፈላል! ደህና ክዳን ግን እዚሁ አዲስ አበባ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈቱና ላስቲኩን በጣታችሁ ዳብሱት። ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይሩት። አዲሱ ላይ ያለው ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን ሳታዩ ግን እንዳትገዙ።

«ሞቀ ሞቀ ነው፤ የትም ይሙቅ»

አይደለም። መካኒክ መጀመሪያ ሊጠይቃችሁ የሚገባው «መቼ ነው የሚሞቀው?» ብሎ ነው። ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት።

ቆማችሁ ስትጠብቁ ሞቆ ስትነዱ የሚበርድ ከሆነ ፋኑን ጠርጥሩ። ስትነዱ ንፋሱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ስትቆሙ ግን ያለ ፋን ማንም የለውም። ኤሲ አብሩና ኮፈኑን ከፍታችሁ ተመልከቱ። በአብዛኞቹ መኪኖች ኤሲ ሲበራ ፋኑም አብሮ ይነሳል። ካልተነሳ ፊውዙን፣ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ)፣ ከዚያ የፋኑን ሞተር ማየት ነው።

ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጡ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ውሃው በበቂ አይዞርም፣ ወይም ራዲያተሩ ሙቀቱን አያወጣም ማለት ነው። ውስጡ በዝገት ተደፍኖ ይሆናል። የውሃ ፓምፑ ደክሞም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ በኤሲው ኮንዴንሰር (ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲ ማቀዝቀዣ) እና በራዲያተሩ መሃል የሚጠቀጠቀው አቧራና ነፍሳት ነው። ከፊት ስታዩት ንጹህ ይመስላል። በቀስታ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እጠቡት።

«ቴርሞስታት የብርድ አገር ዕቃ ነው፤ ይነቀል»

ይኼ ምክር እንዴት እንደሚያናድደኝ! ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ ቫልቭ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ የኅዳርን ጠዋት ያየ ሰው አዲስ አበባን ሞቃት አገር አይልም። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ሌላ ቀዳዳ ይዘጋል፤ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ አቋርጦ የሚመለስበትን። ነቅላችሁ ስትጥሉት ያ ቀዳዳ ክፍት ይቀራል። ትኩሱ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ሞተሩ ውስጥ ይመለሳል፤ ለማቀዝቀዝ ብላችሁ አሞቃችሁት።

ከጠረጠራችሁት ፈትሹት። ድስት ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ በክር አንጠልጥሉትና ቴርሞሜትር ክተቱበት። 82 የሚል የተጻፈበት እዚያው አካባቢ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን 95 ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የድስት ውሃ ደግሞ እዚያ አይደርስም። «ግማሽ ብቻ ተከፈተ» ብላችሁ ደህናውን እንዳትጥሉት።

«መለኪያው መሃል ላይ ካለ ሰላም ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። የብዙ መኪኖች መለኪያ ትንሽ ለውጥ አያሳይም፤ ሲንቀሳቀስ ነገሩ ገፍቷል። ውሃው ጨርሶ ካለቀማ ሴንሰሩ የሚለካው አየር ስለሚሆን፣ ሞተሩ እየተቃጠለ መለኪያው «ቀዝቃዛ ነኝ» ሊላችሁ ይችላል። ብዙ ቪትዞች መለኪያም የላቸውም፤ ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው። ቀዩ ከበራ «ትንሽ ልሂድ» የለም።

«ነጭ ጭስ ከወጣ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል»

ጓርኒሲዮን በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል ያለ ማሸጊያ ነው። ጠዋት ብርድ ላይ ወጥቶ ወዲያው የሚጠፋ ነጭ ጭስ ግን እንፋሎት ነው። የሚያሳስበው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆመው ነው። የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሌላም ምልክት አለው። ከታች ምንም ሳይንጠባጠብ ውሃ ይጎድላል። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል። ሞተሩ በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ገና ሳይሞቅ፣ የራዲያተሩ ጎማ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከራዲያተሩ የሚወጣውን አየር የሚመረምር ሰማያዊ ፈሳሽም አለ፤ የተቃጠለ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ከመውረዱ በፊት ይህ ፍተሻ እንዲደረግ ጠይቁ።

«ኩላንት ቅንጦት ነው፤ የቧንቧ ውሃ ይበቃል»

ኩላንት ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ ነው። የቧንቧ ውሃ ይበቃል? መንገድ ላይ ለመዳን፣ አዎ። ዓመቱን ሙሉ ግን የቧንቧ ውሃ ውስጡን ያዝገዋል፣ ዝቃጭም ይጥልበታል። ራዲያተሩን ስትከፍቱ ሻይ የመሰለ ቀይ ውሃ ካያችሁ ዝገቱ ጀምሮታል።

«ሲሞቅ ቶሎ ውሃ ድፋበት»

ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ትኩስ ክዳን ሲከፈት ግፊቱ በአንዴ ይለቀቃል፤ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። የጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ያኔ «ቴስታታው ሄዷል» ያለው ሰውዬ እውነቱን ይሆናል።