የረጅሙ ነፍጥ ቀለምና አጨራረስ፦ የፔንሲልቬኒያ የእጅ ሙያ

የፔንሲልቬኒያ ወይም የኬንታኪ ነፍጥ የሚባለው ረጅሙ የአሜሪካ ጠመንጃ ከአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ባሩዱና የእርሳስ ጥይቱ በአፈሙዙ ገብተው በዘንግ ይጠቀጠቃሉ፤ እሳቱ የሚመጣው ከባልጩት ነው። ስለ ጦር ሜዳ ውሎው ብዙ ተብሏል። እንጨቱ እንዴት ቀለም እንደሚይዝና ብረቱ እንዴት ቡናማ እንደሚሆን ግን በአማርኛ እምብዛም አልተጻፈም። ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው።

ነፍጡ መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ18ኛው መቶ ዘመን በደቡብ ምሥራቅ ፔንሲልቬኒያ፣ በተለይም በላንካስተር አካባቢ ነው። ጀርመንኛ ተናጋሪ ስደተኞች ዬገር የሚባለውን አጭርና ወፍራም የአዳኝ ጠመንጃ ይዘው መጡ። በአዲሱ አገር የጠመንጃው የብረት ቱቦ ረዘመ፣ ጥይቱ አነሰ፣ እንጨቱም ቀጠነ። የመጀመሪያው ሠሪ ማን ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። የአካባቢው ነዋሪዎች ማርቲን ማይሊን የሚባል ሰው በ1719 በላንካስተር አውራጃ የጠመንጃ ሱቅ ከፍቶ ነበር ይላሉ። ሆኖም በ2005 በቦታው የተደረገ ቁፋሮ የተራ አንጥረኛ ሥራ ቅሪት እንጂ የጠመንጃ ሥራ ምልክት አላሳየም።

ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታየው ሞራቪያውያን ዘንድ ስንደርስ ነው። እነዚህ ፕሮቴስታንቶች በፔንሲልቬኒያዋ ናዝሬት አቅራቢያ፣ ክርስቲያን ስፕሪንግ በሚባል ሰፈር የጠመንጃ መሥሪያ ነበራቸው። መዝገብ መያዝ ይወዱ ስለነበር ማን ማንን እንዳስተማረ ይታወቃል። አንድርያስ አልብሬክት ሱቁን መራ፤ ከእሱ በኋላ ክርስቲያን ኦርተር ተረከበ። ኦርተር ስሙንና ዓመቱን የቀረጸባቸው የ1774 እና የ1775 ነፍጦች ዛሬም አሉ። አንዱ የ1775 ነፍጥ በ1971 ከቫሊ ፎርጅ ሙዚየም ተሰርቆ ነበር፤ በ2018 ተገኘ። የዚያ ሱቅ ሰዎች እጃቸው የተባረከ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በላንካስተር በኩል ደግሞ ያዕቆብ ዲከርት ትልቅ ስም አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን ባልጩቱ ካፕ በሚባል፣ ሲመታ እሳት በሚሰጥ ትንሽ የብረት ቆብ ተተካ፤ ቀጥሎ ፋብሪካው መጣና ሙያው ተዳከመ።

እንጨቱ ብዙ ጊዜ ሜፕል ከሚባል ዛፍ ነው። ዋልነትና ቼሪ ከሚባሉ ዛፎች የተሠሩም አሉ። ሜፕል ሲፈለጥ ነጭ ነው፤ ያለ ቀለም ገርጥቶ ይቀራል። የሚመረጠው ክሩ እንደ ሞገድ የሚታጠፍ ሞገዳማ ሜፕል ነው። ክሩ ወደ ላይ በሚያበቃበት መስመር እንጨቱ ቀለሙን አብዝቶ ይጠጣል፤ በጎኑ በተኛበት ትንሽ ይጠጣል። ጥቁርና ወርቃማ ሸንተረሩ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከቀለም በፊት ማለስለስ አለ። የድሮ ባለሙያዎች በብረት መፋቂያ ይፍቁት ነበር። የመጨረሻውን ልስላሴ ለማምጣትም ግንዱ ውስጥ አሸዋ መሰል ሲሊካ ያለበትን የፈረስ ጭራ የሚባል ተክል ይጠቀሙ ነበር። ዛሬ ብርጭቆ ወረቀት ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ከተፈተገበት የቅርጹን ስል ጠርዝ ያዶለዱመዋል። ከዚያ እንጨቱ በውኃ ይረጥባል፣ ሙቀት ጠጋ ተደርጎ ይደርቃል። ፀጉር የመሰለ የእንጨት ክር ብድግ ይላል፤ እሱ ይፋቃል። ይህ ሁለት ሦስቴ ይደገማል። ይህን የዘለለ ሰው ቀለሙን ቀብቶ ሲጨርስ እንጨቱ ሻካራ ሆኖ ይጠብቀዋል።

የታወቀው ቀለም አኳ ፎርቲስ ይባላል፤ ናይትሪክ አሲድ ነው። አሲዱ ውኃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጨመራል፤ ውኃው አሲድ ላይ በፍጹም አይገለበጥም። ቀጥሎ የብረት ፍቅፋቂ በጥቂት በጥቂቱ ይገባበታል። ይፈላል፣ ይግላል፣ ቡናማ ጭስ ይለቃል። ጭሱ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ ሥራው ደጅ ነው። አሲዱ ብረት መብላቱን ሲያቆም ፈሳሹ ደርሷል።

ፈሳሹ ተቀብቶ ሲደርቅ እንጨቱ አረንጓዴ ግራጫ፣ የሚያስጠላ መልክ ይይዛል። አዲስ ሰው ልፋቱ ከንቱ የሆነ ይመስለዋል። ያኔ ሙቀት ይጠጋበታል፦ ድሮ ፍም ወይም የጋለ ብረት፣ ዛሬ ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ። ለአፍታ ምንም የለም። ከዚያ ሙቀቱ ያረፈበት ቦታ ቀይ ቡናማ ይሆናል፤ ሸንተረሩ አንድ በአንድ ይወጣል። እጅ አንድ ቦታ ከቆመ ቀጭኑ ጠርዝ ያርራል። ቀለሙ ከላይ የተለሰነ አይደለም። ብረቱ ክሩ ውስጥ ስለገባ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኗል። ከሱቅ የሚገዛ ቀለም ይህን ጥልቀት አይሰጥም።

የተረፈውን አሲድ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ማጠብ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። አንዳንዶች ሙቀቱ ይበቃል ይላሉ። ማጠቡ ይሻላል፤ ትንሽ ድካም ነው፣ ትልቅ ጸጸት ያስቀራል። ብረት የተነከረበት ኮምጣጤም ያቀልማል። ግን የሚሠራው በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ነው፤ ሜፕል ደግሞ ታኒኑ ትንሽ ስለሆነ አስቀድሞ ታኒን ያለበት ወፍራም ሻይ ይቀባል።

ከላይ የሚመጣው እኛ በወጥና በመጠጥ ከምናውቀው ተልባ የሚወጣ ዘይት ነው። ጥሬው ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈጃል። የድሮዎቹ ቶሎ እንዲደርቅ ከእርሳስ ውሁድ ጋር ያፈሉት ነበር፤ ሙጫ ጨምረው ቫርኒሽም ያደርጉታል። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ዛሬ ሌላ ማድረቂያ ይገባል። በመዳፍ ስስ አድርጎ ማሸት፣ ፀሐይ ላይ ማቆየት፣ መድገም ነው። ወፍራም ቅብ ይጨማደዳል። ዘይቱ የሚደርቀው ኦክስጅን እየወሰደ ስለሆነ ይሞቃል፤ የተጨማደደ የዘይት ጨርቅ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁ ተዘርግቶ ይሰጣል ወይም ውኃ ውስጥ ይነከራል።

ብረቱን ቡናማ ማድረግ ማለት በሥርዓት ማዛግ ነው። አፈሙዙ ይወተፋል፣ ቅባቱ ሁሉ ይጸዳል፣ የሚያዝግ ፈሳሽ ስስ ሆኖ ይቀባል። ርጥበት ባለበት ሣጥን ውስጥ ያድራል። ጠዋት ላይ ቀይ አቧራ ለብሶ ይገኛል። አቧራው በሽቦ ብሩሽ ይራገፋል፣ ሥሩ የያዘው ይቀራል። ለቀናት እየተደጋገመ ጥቁር ቡናማ ይሆናል። በሶዳ ሙቅ ውኃ ዝገቱ ይቆማል፣ ዘይት ይቀባል። በየዙሩ በፈላ ውኃ ከተቀቀለ ቡናማው ወደ ጥቁር ይለወጣል። የ18ኛው መቶ ዘመን ነፍጦች ሲሸጡ ብረታቸው ነጭ ነበር፣ ሰማያዊ ወይስ ቡናማ የሚለው ዛሬም ያነታርካል።

ሙያው ዳግም ያንሰራራው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። በ1933 የአፍ ጎራሽ ጠመንጃ ወዳጆች ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። በቨርጂኒያ፣ ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ በሚባለው የታሪክ ሙዚየም፣ ጠመንጃ ሠሪው ዋላስ ገስለር በ18ኛው መቶ ዘመን ዘዴ ብቻ ሙሉ ነፍጥ ሠርቶ አሳየ። በ1996 ደግሞ የዛሬዎቹን ሠሪዎች የሚያሰባስብ ማኅበር ተመሠረተ። የዊሊያምስበርጉ የጠመንጃ መሥሪያ ሱቅ ከዋሽንግተን ዲሲ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ በዚያ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይችላል።