እስከዚች ሰዓት

ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከአዲስ አበባ መጥተን፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ የገባነው በዚያው ቀን ነው። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። "እንኳን ለዚህ አበቃህ" የሚሉኝ ጎረቤቶች በሩ አካባቢ ተቀምጠዋል፤ ሐኪሞቹ አደራ ስላሉኝ እኔ ማስክ አድርጌ ጥግ ይዣለሁ። እህቴ ተነሥታ አንድ ብርጭቆ ውኃ አመጣችልኝ። ስትነሣ አሁንም ጎኗን ያዝ ታደርጋለች። ከሁለቱ ኩላሊቶቿ አንዱ እኔ ውስጥ ነው።

ክኒኖቹን ዋጥኩ፤ ውኃውንም ጨረስኩት። እጥበት ላይ ሳለሁ በሳምንት 3 ቀን ማሽን ላይ እየዋልኩ፣ ውኃ እየለካሁ ነበር የምጠጣው። አሁን "ጠጣ" ነው የሚሉኝ። ወገኖቼ፣ ውኃ ጠጥቶ መርካትን የሚያውቀው የተከለከለ ሰው ነው።

ቅዳሴ ላይ የምንሰማው ጸሎተ አኮቴት "ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ" ብሎ ይጀምራል። በጎ ያደረገልንን እናመስግነው ማለት ነው። ለምን? ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ እስከዚች ሰዓትም አድርሶናልና። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። "እስከዚች ሰዓት" የምትለዋ ልቤ የገባችው ግን ሆስፒታል ተኝቼ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነርሶቹ በየሰዓቱ ሽንቴን ይለኩ ነበር። ለወራት ሽንት ጠፍቶብኝ ስለነበር ከረጢቱ ሲሞላ እያየሁ አለቀስኩ። ይህን መናገር ነውር አይመስለኝም። አንዷ ሰዓት አለፈች፣ ተመስገን። ሌላዋ አለፈች፣ ተመስገን። ስለ ነገ የነገረኝ አልነበረም።

"ረድቶናልና" የሚለውም ቃል ለእኔ ዓመተ ምሕረት አለው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት ቢሆን ባሕር ማዶ መሄድ ነበረብኝ፤ ከየት አምጥቼ?

ንቅለ ተከላ "ዳንኩ፣ በቃ" የሚባልበት ሕክምና አይደለም። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ያየዋል። እንዳይገፋው የሚያደርገው መድኃኒት፣ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ ይዋጣል፤ የእኔ በየ12 ሰዓቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ደወሉ አስጨንቆኝ ነበር። አሁን የጸሎት ሰዓቴ ሆኗል። ሲጮኽ አማትባለሁ፣ "እስከዚች ሰዓት አድርሰኸኛልና" እላለሁ፣ እውጣለሁ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው፣ በቅንነት ነው፣ "አሁንማ ጸበሉን ያዝ፣ ክኒኑን ተወው" አለኝ። እኔ በጸበል አምናለሁ። ክኒኑን መተው ግን እምነት አይደለም፤ እህቴ የሰጠችኝን መጣል ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "እሱንም የሰጠህ እግዜር ነው፤ አማትብና ዋጥ" አሉኝ።

"ልብና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ" ስንል ኖረናል። የእህቴን ኩላሊት ሐኪሞች መርምረው "ይሆናል" አሉ። ልቧን የመረመረው እሱ ነው። ገና ምርመራው ሳይጀመር "አትፈሪም ወይ?" ብያት ነበር። "አብሽር፣ እኔ ሁለት አለኝ" አለችኝ። መጥምቁ ዮሐንስ "ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል" ያለውን ስሰማ ያደግሁት ስለ ልብስ ብቻ መስሎኝ ነው።

ያን ማታ ጠያቂዎቹ ሊሄዱ ሲነሡ ሙስሊሟ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልን። መጀመሪያ ለእህቴ፣ ቀጥሎ ለእኔ። ሁላችንም አሜን አልን።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ። እህቴ ከጓዳ "ሰማህ?" አለችኝ።

"ሰማሁ።"