"ፈቅዳ ነው የሄደችው" እና በሰው መነገድ የሚባለው ነገር

እኛ ወሎ ሁሉንም "ደላላ ወሰዳት" ብለን ነው የምናልፈው፣ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚባለው ህግ ግን ሰውን ድንበር ማሻገርንና በሰው መነገድን ሁለት የተለያዩ ወንጀሎች ያደርጋቸዋል። ድንበር ማሻገር ማለት ደላላው ለጥቅም ብሎ በህገወጥ መንገድ፣ በሉ በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ማሳለፉ ነው። በሰው መነገድ ግን ድንበር ራሱ አያስፈልገውም።

ለምሳሌ አንዷ ከኩታበር "ኮምቦልቻ ሆቴል ስራ አለ" ተብላ ትመጣለች እንበል፣ ከዛ መታወቂያዋና ስልኳ ይወሰዳል፣ የትራንስፖርት የልብስ ምናምን እዳ አለብሽ ትባላለች፣ እዳውን ከወንድ ጋር እየተኛሽ ክፈይ ይሏታል፣ እዳው ደሞ መቼም አያልቅም። ከወሎ ሳትወጣ ተነገደባት ማለት ነው። ህጉ የሚያየው መመልመል ወይ ማጓጓዝ ወይ መቀበል መኖሩን፣ ያም በማታለል ወይ በማስፈራራት ወይ ችግሯን መጠቀሚያ በማድረግ መሆኑን፣ አላማው ደሞ ብዝበዛ መሆኑን ነው። ልጅ ከሆነች፣ ማለትም 18 ካልሞላት፣ ማታለሉን ማስረዳት ራሱ አይጠበቅም።

"እሺ ብላ እኮ ነው" የሚሉት ነገር ወላሂ ያናድደኛል! ተታላ እሺ ያለችው ለሆቴል ስራ ነው፣ እንዲህ ያለ እሺታ ተከሳሹን ነፃ አያወጣውም።

እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ከስደት ለተመለሱ ሰዎች መጠለያ፣ ህክምናና የስነልቦና ምክር ይሰጣሉ፣ ከቤተሰብም ያገናኛሉ። የተመለሰችዋ ሰፈር ስትገባ ግን መጀመሪያ የምትጠየቀው "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ነው።