ባዮሚሚክሪ በሕንፃ ሥራ ምንድን ነው?

ባዮሚሚክሪ ማለት ሕይወት ያለው ፍጡር አንድን ችግር የሚወጣበትን ዘዴ አጥንቶ ያንኑ ለሰው ሥራ ማዋል ነው። በሕንፃ ሥራ የሚወሰደው የፍጡሩ አሠራር እንጂ መልኩ አይደለም። ለ2008ቱ ኦሊምፒክ ቤይጂንግ ላይ የተሠራው ስታዲየም የወፍ ጎጆ ይመስላል፤ ወፍ ግን ጎጆዋን የምትሠራው ከአካባቢዋ በለቀመችው ጭራሮ ሲሆን ስታዲየሙ ከ40 ሺህ ቶን በላይ ብረት ፈጅቷል። ያማረ ሕንፃ ነው፤ ባዮሚሚክሪ ግን አይባልም።

ኃይል ቆጣቢ ሕንፃ የተጀመረው በማሸግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ብዙ የምዕራብ አገሮች ሙቀት እንዳይባክን ግድግዳውንም መስኮቱንም ደፈኑት፤ ንጹሕ አየር ያጡ ሠራተኞችም ራስ ምታትና የዓይን ማቃጠል ያማርሩ ጀመር። ቀጥሎ የአየር ማቀዝቀዣ ማሽኑ (ኤሲ) በአነስተኛ ኤሌክትሪክ እንዲሠራ ማድረግ መጣ። የማቀዝቀዣ ማሽኑ ራሱ ባይኖርስ የሚለው ጥያቄ በትልቅ ሕንፃ ላይ በደንብ የተፈተነው በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሃራሬ ውስጥ ነው።

የዚምባብዌው አርክቴክት ሚክ ፒርስ አሩፕ ከተባለው የምሕንድስና ድርጅት ጋር የነደፈው ኢስትጌት ሴንተር እ.ኤ.አ. በ1996 ተከፈተ። ትይዩ የቆሙ ሁለት ባለ 9 ፎቅ ሕንፃዎች ናቸው፤ በመሃላቸው በመስታወት የተከደነ መተላለፊያ አለ። መነሻው የምስጥ ኩይሳ ነበር። ማራገቢያዎች አየሩን ከመሃሉ ክፍት ቦታ ስበው በየሕንፃው መሃል ባሉ ቋሚ ሻፍቶች (የአየር መተላለፊያ ጉድጓዶች) ወደ ላይ ይገፉታል። አየሩ በየፎቁ ውስጡ ክፍት በሆነ የኮንክሪት ወለል ውስጥ ያልፋል፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ አየሩ ኮንክሪቱን የሚነካበትን ስፋት ለማብዛት ጥርስ መሰል ኮንክሪቶች ተደርድረዋል። ከዚያ በመስኮቶቹ ሥር ባሉ ፍርግርጎች ወደ ቢሮው ይገባል፣ ሲሞቅ ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ በመጨረሻም በ48 የጡብ ጭስ ማውጫዎች ይለቀቃል።

ምስጢሩ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። ማታ ትልልቆቹ ማራገቢያዎች የሕንፃውን አየር በሰዓት 10 ጊዜ ያህል እየቀያየሩ ኮንክሪቱን ያቀዘቅዙታል። ቀን ትንንሾቹ በሰዓት 2 ጊዜ ብቻ ይቀይራሉ፤ የቀኑን ሙቀት የሚውጠው የቀዘቀዘው ኮንክሪት ነው። የውጭ ግድግዳው ከሩብ የማይበልጥ መስታወት አለው። ውጤቱ፦ ሃራሬ ውስጥ ሙሉ ኤሲ ካላቸው ስድስት ሕንፃዎች አማካይ ጋር ሲነጻጸር 35 በመቶ ያነሰ ኃይል ሲጠቀም ተለክቷል።

አሁን የምስጦቹ ጉዳይ። ንድፉ የተመሠረተው ስዊዘርላንዳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ማርቲን ሉሸር እ.ኤ.አ. በ1961 ባቀረበው ሐሳብ ላይ ነው፤ ኩይሳው ሞቃት አየርን ወደ ላይ እያስወጣ የጎጆውን ሙቀት እኩል ያደርጋል የሚል። በኋላ ተመራማሪዎቹ ስኮት ተርነርና ሩፐርት ሶር ሲለኩ የጎጆው ሙቀት ከወቅት ወቅት የአካባቢውን አፈር ተከትሎ ሲለዋወጥ አገኙት። ኩይሳው በዋነኛነት የሚሠራው እንደ ሳንባ ነው፦ ምስጦቹም የሚያመርቱት ፈንገስም የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኦክስጅን ይለውጣል። ይህ ግኝት ኢስትጌትን አላፈረሰውም። ሕንፃው የሚሠራው በሌሊት ቅዝቃዜና በኮንክሪት ክብደት ነውና የሥነ ሕይወቱ ማብራሪያ ቢስተካከልም ፊዚክሱ ጸንቶ ይቆያል። ለነዳፊ ያለው ትርጉም ግን ከባድ ነው፤ ከተፈጥሮ የወሰደውን ሐሳብ በስሌት ሳያረጋግጥ መገንባት የለበትም።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው 1 ካሬ ሜትር ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) 240 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በ1 ዲግሪ ለመሞቅ 60 ዋት ሰዓት ገደማ ይውጣል። ሌሊት በ3 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ለቀን 180 ዋት ሰዓት አቅም ይይዛል፤ ለ9 የሥራ ሰዓት ሲከፋፈል በካሬ ሜትር 20 ዋት ይሆናል። አንድ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፣ ኮምፒውተሩን ሌላ 100 ብንለው፣ ለአንድ ሠራተኛ 10 ካሬ ሜትር ከተመደበ አቅሙ ልክ ይበቃል። ጥላ የሌለው የምዕራብ መስታወት ግን ከሰዓት በኋላ በ1 ካሬ ሜትር ከ500 ዋት በላይ ፀሐይ ሊያርፍበት ይችላል። ከዚህ ውስጥ 500 ዋቱ ከገባ 25 ካሬ ሜትር ሶሌታ የያዘውን ቅዝቃዜ ይበላል። ሶሌታውን ማወፈርም ብዙ አያድንም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሙቀቱ ከላዩ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ብዙም አያልፍም።

ዘዴው በቀንና በሌሊት መካከል 10 ዲግሪ ገደማ ልዩነትና ቀዝቃዛ ሌሊት ይፈልጋል። ዱባይ ላይ በነሐሴ ሌሊቱም ሞቃት ስለሆነ አይሠራም፤ የአፋር ቆላም በሞቃቱ ወቅት እንዲሁ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለችው አዲስ አበባ ግን ሌሊቷ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው። በዚህ ከተማ ሙሉ ፊታቸው በመስታወት የተሸፈነ ሕንፃዎች በኤሲ ሲቀዘቅዙ ማየት ያሳዝናል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከንድፉ በኋላ ነው። ተከራዩ የጂፕሰም ኮርኒስ ሲሰቅል ሶሌታው ከክፍሉ አየር ጋር ይቆራረጣል፤ ወፍራም ምንጣፍም ከላይ ያንኑ ያደርጋል። ማጣሪያዎቹ ካልጸዱ አቧራው ማራገቢያውን ያደክመዋል። ፎቆችን የሚያገናኘው ሻፍት እሳት ሲነሳ ጭስ ስለሚያዛምት በየፎቁ ራሱን የሚዘጋ የእሳት መዝጊያ ያስፈልገዋል። ማራገቢያ ለሌለው አነስተኛ ሕንፃ ደግሞ ጥበቃው ማታ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ከሄደ ሶሌታው እንደሞቀ ያድራል። ስለዚህ ከመስኮቱ የተለየ፣ ሌባ የማያስገባ ብረትና የወባ ትንኝ ወንፊት ያለው፣ ዝናብ በማይመታው በኩል የተከፈተ የሌሊት አየር መግቢያ በንድፉ ላይ ከመጀመሪያው መሣል አለበት፤ መውጫውም በተቃራኒው ግድግዳ ከፍ ብሎ።